የመዝናኛ ታንኳ ለራያ ሰው

በቆቦ ሜዳ ላይ ሆኖ ስለ ታንኳ መጻፍ፣ በአፋር በረሃ ስለ በረዶ እንደ መጻፍ ይቈጠርብን ይሆናል። የራያ ቆላ የሚታወቀው በማሽላው፣ በጤፉ፣ በከብቱና በግመሉ ነው እንጂ በቀዘፋ አይደለም። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚጓዝ መንገደኛ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተ ምዕራብ የላስታን ደጋ ግርጌ እያየ ያልፋል፤ ታንኳን የሚያስታውሰው ነገር ግን አያጋጥመውም። ይሁን እንጂ ዘመኑ አዳዲስ ነገር ያመጣል። ካያክ የሚባለው ቀጭን ታንኳ በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ለመዝናኛ ሲቀዘፍ ይታያል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በየሚኖሩበት ወንዝ ላይ በዕረፍት ቀናቸው ይቀዝፉበታል። ከእነዚሁ መካከል «ለአገሬ ልጆች አንድ ይዤ ልግባ» የሚል ቢነሣ አያስደንቀንም፤ ሐሳቡም የሚነቀፍ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን፣ ታንኳው የሚመረጠው በመልኩና በዋጋው ብቻ ሆኖ፣ የሚንሳፈፍበት ውሃ ሳይጠየቅ እንዳይቀር ነው።

ፈረስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጋልብበትን አገር ያውቃል። ለገደል የሚሆነው ለሜዳ ከሚሆነው ይለያልና። ታንኳም እንዲሁ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ቀይና ቢጫ ቀለም ለውሃው ምኑም አይደለም። ስለዚህ ከታንኳው በፊት ስለ ወንዞቻችን ጥቂት እንናገራለን።

ጎሊና፣ ሆርማት፣ ጎቡና አላውሃ የራያና የቆቦ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ወንዞች ናቸው። ከምዕራቡ ደጋ ይወርዳሉ፣ ሜዳውን ያቋርጣሉ፣ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ይሄዳሉ። በበጋ ብዙዎቹ የአሸዋና የድንጋይ ጎዳና ናቸው፤ ውሃ ያለበትም ቢሆን ለእግር እንጂ ለታንኳ አይሆንም። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቆቦ ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ድንገት ይደርሳል። ደራሽ ጎርፍ መባሉም ስለዚሁ ነው። ቀድሞ የሚሰማው ጉርምርምታው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለመሸሽ እንኳ የሚበቃ አይደለም። ከብት ይዞ ሲሻገር የተወሰደውን፣ ከገበያ ሲመለስ ከመሻገሪያው ያልወጣውን ሰው የማያስታውስ መንደር በዚያ አገር ማግኘት የሚያስቸግር ይመስለናል።

እንዲህ ባለው ጎርፍ ላይ ካያክ ይዞ መግባት ጀግንነት ነው የሚል ወጣት አይጠፋም። እኛ ግን አጥብቀን እንቃወማለን። በውጭ አገር በነጭ አረፋ ውሃ ላይ የሚቀዝፉት ሰዎች የሚመርጡት ወንዝ ምንም ቢከፋ አልጋው የታወቀ፣ መጠኑ በየቀኑ የሚለካ፣ መውጫው አስቀድሞ የታየ ነው። የእኛ ደራሽ ግን አልጋውን በየዓመቱ የሚለውጥ፣ ከጭቃና ከድንጋይ ጋር የተለወሰ፣ ሰው ከወደቀበት በኋላ ዋናም የማያድንበት ነው። ለዝግታ መዝናኛ የተሠራ ታንኳ በእርሱ ላይ እንደ ገለባ ነው።

ደግሞም ያ ውሃ ሥራ አለው። የራያ ገበሬ ጎርፉን የሚመለከተው እንደ ጠላት ብቻ አይደለም፤ በአፈርና በቅጠል ክትር እየጠለፈ ወደ ማሽላው ማሳ ይመራዋል። ጠለፋ የሚሉት ይኸው ነው። አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሳ ዝናብ ቢያንስም እህል ይሰጣል። ይህ ሥራ ተራ አለው፣ የውሃ አባት አለው፣ ክርክርም አለው። ክትሩ ላይ ታንኳ ተሸክሞ የሚንጐራደድ እንግዳ ምን ዐይነት አቀባበል እንደሚጠብቀው ለመገመት አያዳግትም፤ እኛም ቢሆን የምንፈርደው ለገበሬው ነው።

እንግዲህ ራያ ላይ የሚቀዘፍ ወንዝ የለም ማለታችን ነው። ነገር ግን የሚቀዘፍ ውሃ የለም ማለታችን አይደለም። ከቆቦ ተነሥቶ አላማጣን አልፎ፣ የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ኮረም የደረሰ ሰው፣ ጥቂት ወደ ፊት ሄዶ የሐሸንጌን ሐይቅ ያገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በተራራ ተከቦ የተኛ ሐይቅ ነው። የታሪክ አንባቢ ስሙን የሚያውቀው በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ወደ ኋላ በሚመለሰው ሠራዊታችን ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች በዚያ ሜዳ ላይ ባወረዱት እልቂት ነው። በሌላው አቅጣጫ፣ ወልድያን አልፎ ወደ ደሴ ሲሄዱ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የሐይቅ ሐይቅ አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ሐይቅ ነው፤ ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ላይ ነበረ፣ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቶአል። ከእርሱም ከፍ ብሎ አርዲቦ አለ። መንገዱ ሰላም ሲሆን የቆቦ ሰው ለታንኳው የሚያስባቸው ውሃዎች እነዚህ ናቸው። ዝግ ብሎ የሚሄድ እውነተኛ ወንዝ ካልሆነ አይሆንም የሚል ቢኖር ደግሞ ባሕር ዳር መሄድ ይኖርበታል፤ ዐባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ ውሃው ሰፊና ረጋ ያለ ነው። በዚያ ግን ጉማሬ ስላለ፣ የአገሩን ቀዛፊ ሳይዙ መግባት አይገባም። ጉማሬ ከሩቅ ሲያዩት ያንቀላፋ ይመስላል፤ ታንኳን ሲገለብጥ ግን አያንቀላፋም።

ስለ ዐባይ ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ሰው ካያክን የሚያውቀው በዐባይ ሸለቆ ከተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች መሆኑን እንጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ብላሽፎርድ ስኔል የተባለው የእንግሊዝ መኰንን የመራው ቡድን፣ በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ በጎማ ጀልባ ዐባይን ወረደ፤ ከመካከላቸውም አንዱ በውሃ ተወስዶ ሞተ። በ2003 መጨረሻ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዐባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራንያን ባሕር ደረሱ። የሚደነቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የያዙት ታንኳ፣ የለበሱት የራስ ቍር፣ ያጠፉት የልምምድ ዓመታት፣ ለእሑድ ከሰዓት መዝናኛ የሚሆነውን ታንኳ ለመምረጥ ምንም አይረዱንም። ፊልሙን አይቶ የእነርሱን ዐይነት አጭርና ክብ ታች ያለው የፏፏቴ ካያክ የሚገዛ ሰው፣ ሐሸንጌ ላይ ሲደርስ ታንኳው በአንድ ስፍራ እየተሽከረከረ አላስኬድ ይለዋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የመዝናኛ ካያክ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ውስጡ ገብተው የሚቀመጡበትና ላዩ ላይ የሚቀመጡበት። የመጀመሪያው ጥንታዊው ነው። የሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ነዋሪዎች የሆኑት ኢኑዊቶች የባሕር አንበሳን የመሰለውን እንስሳ ቆዳ በእንጨትና በአጥንት ክፈፍ ላይ ወጥረው ሠሩት፤ ውሃው የሚገድል ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ሰውየው እስከ ወገቡ ከውስጥ ተከቶ፣ ልብሱ ከታንኳው አፍ ጋር እንዲገጥም ተደረገ። ይህ ለዚያ አገር ጥበብ ነው። ለእኛ ግን ችግር ያመጣል። እንዲህ ያለው ታንኳ ሲገለበጥ ውሃ ይሞላል፤ የሞላውን ታንኳ ከሐይቅ መካከል ማንሣት ለሠለጠነ ሰው እንኳ አድካሚ ነው፣ ዋና ለማያውቅ ጀማሪ ደግሞ ውስጡ መታሰሩ ራሱ ያስደነግጠዋል።

ሁለተኛው፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት፣ ፈረንጆች በቅርብ ዘመን ከፕላስቲክ ያወጡት ነው። ሰውነቱ ድፍን ሆኖ በውስጡ አየር ብቻ አለ፤ ላዩ ላይ የፈሰሰው ውሃ በቀዳዳ ተመልሶ ይወርዳል፤ ቢገለበጥም ቀና አድርጎ ከጎኑ መውጣት ነው። እኛ ይህን ስናይ አዲስ ነገር ሆኖ አልታየንም። የጣና ታንኳ ምንድን ነውና? ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእስር በእስር ተጠፍሮ፣ ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚቀዝፈው ነው። ቀዳዳ አያሰጋውም፤ ምክንያቱም የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነው እንጂ ጎድጓዳነቱ አይደለም። በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ በዚህ ጥበብ የታወቀ ነው። ጉድለቱ ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው፤ ከቀዘፋ በኋላ ካልደረቀ ይበሰብሳል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ቢሆንም ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ራ ብሎ የሰየመውን መርከብ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የመጀመሪያው መርከብ ውቅያኖሱን ሳይጨርስ ተፈታ፤ በሚቀጥለው ዓመት የተሠራው ሁለተኛው ግን ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ስለዚህ ላዩ ላይ የሚቀመጡበትን ካያክ የሚመርጥ ኢትዮጵያዊ የባዕድ ነገር ወሰደ አይባልም፤ የአያቶቹን ታንኳ በፕላስቲክ ገዛ ማለት ይቻላል።

የእኛም ምርጫ ይኸው ነው። መጠኑን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው ርዝመቱ 3 ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ፣ ወርዱ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይበቃል። ረጅምና ጠባብ ታንኳ እንደ ቀስት ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ጀማሪውን ግን ያንቀጠቅጠዋል። አጭርና ሰፊው እንደ በቅሎ የረጋ ነው፤ ፍጥነቱ አነስተኛ ቢሆንም ፎቶግራፍ ለማንሣት፣ ዓሣ ለማጥመድ፣ ወፍ ለማየት ይመቻል። ሰፊው ታንኳ በሐይቅ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አፍንጫውን ማወዛወዝ ስለሚወድ፣ ከኋላ ሥሩ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ትንሽ ክንፍ ያለው ቢገኝ ይመረጣል። መቅዘፊያውም ከወርዱ ጋር መስማማት አለበት፤ ለሰፊ ታንኳ 230 ወይም 240 ሴንቲ ሜትር የሆነ መቅዘፊያ ካልተያዘ ጕልበት ከታንኳው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ይውላል። በታንኳው ላይ የሚጻፈው የሸክም ልክ ደግሞ ታንኳው ከመስጠሙ በፊት የሚችለው እንጂ በምቾት የሚሄድበት አይደለም። 120 ኪሎ ይችላል የተባለው ላይ 80 ኪሎ፣ ስንቅና ልብስ ጭምር፣ ቢጫን ጥሩ ነው። ሻጮች ይህን ሲናገሩ አንሰማም።

የሁለት ሰው ታንኳስ? ለባልና ሚስት የሚስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን እኩል ካላነሡ ክርክሩ ከሐይቁ ወጥቶ ቤት ድረስ እንደሚከተል ሰምተናል። ልጅ ይዞ ለሚወጣ አባት ግን ጠቃሚ ነው።

ድፍኑ ፕላስቲክ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ጠንካራ ነው፣ በድንጋይ ላይ ቢጎተትም አይሰበርም፤ የሚያሳስበው መጓጓዣው ነው። ከአዲስ አበባ ቆቦ ድረስ በአውቶቡስ ጣራ ላይ፣ ከቆቦም ሐሸንጌ ድረስ በአይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ከረጢት ጋር መሄዱ ነው። ከውጭ አገር በአውሮፕላን ማምጣትማ ከራሱ ዋጋ በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ይዞ ለሚመጣ መንገደኛ በአየር የሚነፋው ይሻለዋል፤ ተጣጥፎ በአንድ ሻንጣ ይገባልና። ይሁን እንጂ ርካሹ፣ ለመዋኛ ገንዳ መጫወቻ የተሠራው ስስ ላስቲክ አይገዛ፤ የራያ እሾህ ለጫማ እንኳ አይመለስም። ወፍራም ጨርቅ የለበሰ፣ አየሩ በሦስት ክፍል የተለያየ፣ አንዱ ቢፈነዳ ሁለቱ የሚያወጡ መሆን አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል፤ ቆቦ ከተማ ላይ ጠንክሮ ተነፍቶ ሐሸንጌ የወጣ ታንኳ፣ ወደ ላይ በወጣ መጠን የውጭው አየር ስለሚሳሳ ይበልጥ ይወጠራል፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ስፌቱ ሊፈታ ይችላል። መንፋት ያለበት ሐይቁ ዳር ነው። ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥም ጥቂት አየር ይተንፈስ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ታንኳ ነው። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ቢሆን ግን እኛ የምንገዛው የመንሳፈፊያውን ሰደርያ ነው። ቀልድ አይደለም። በደጋውም በቆላውም አገራችን ዋና የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ እንኳ የሚያውቀው በዳር የሚንቦጫረቅበትን ነው እንጂ በጥልቁ አይደለም፤ የሐይቅ ሐይቅ ደግሞ ጥልቀቱ 80 ሜትር ያልፋል። ሰደርያው በሰውየው ክብደት ልክ የተሠራ፣ ማሰሪያው የሚጠብቅ፣ በትከሻው ተይዞ ወደ ላይ ሲሳብ ከአገጭ የማያልፍ መሆን አለበት። በታንኳው ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ ሰደርያ ከቤት እንደ ቀረ ይቈጠራል። አንድ ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማኅበር ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ቢያገኝ፣ አንድ የሚያምር ውድ ካያክ ገዝቶ ለእንግዳ ከሚያሳይ፣ ሁለት ተራ ታንኳና ስምንት ሰደርያ ቢገዛ፣ በተረፈውም ዋና የሚያስተምር ሰው ቢቀጥር ይሻላል። የሚያምረው ታንኳ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም መጋዘን ገብቶ ቁልፉ ይጠፋል። ይህን ዐይነቱን ነገር በሌሎች ዕቃዎች አይተነዋል።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ጉዳይ አለ፤ ብልሃርዚያ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት ውሃ፣ ለመዝናኛ ቀዛፊ የሚስማማው ያው ረጋ ያለ፣ ሣር የበቀለበት፣ ሞቅ ያለ ዳርቻ ነው። በሐይቅ ከተማም ሆነ በራያ ቆላ በዋጃ በሽታው መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ የጣናም ዳርቻ ከዚህ የጸዳ አይደለም። እዚህ ላይ ምርጫችን የራሱ ጉድለት እንዳለው መሸሸግ አይገባንም፤ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ታንኳ መቀመጫንና እግርን ያርሳል፣ ውስጡ የሚገቡበት ግን በመጠኑ ያደርቃል። ቢሆንም መስጠም በአንድ ቀን ይገድላል፣ ብልሃርዚያ ግን በጤና ጣቢያ በሚሰጥ መድኀኒት ይድናል፤ ስለዚህ ምርጫችንን አንለውጥም። ታንኳውን ከሣሩ ሳይሆን ከድንጋያማው ዳር ማስገባት፣ እስከ ጕልበት የሚደርስ የላስቲክ ጫማ ማድረግ፣ እንደ ወጡ ወዲያውኑ በደረቅ ፎጣ መጥረግ ይረዳል። የበሽታው ጥቃቅን ትሎች ከቀንድ አውጣው የሚወጡት በብዛት ፀሐይ በበረታችበት በቀትር አካባቢ ነው። ነፋሱም ሐይቁን የሚያናውጠው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። እንግዲህ የቀዘፋው ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቢሆን ሁለቱንም ያመልጣል፤ ውሃውም በዚያን ጊዜ እንደ መስተዋት ነው።

«ሰው የሚጠጣው ውሃ ሳይጠግብ በውሃ መጫወት ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። ይህ ቀላል ነቀፋ አይደለም። በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በጕድጓድ እየተሳበ አትክልትና እህል የሚለማበትን አገር የሚያውቅ ሰው፣ የጠብታን ዋጋ ያውቃልና። ነገር ግን ታንኳ ውሃ አይጠጣም። ሐይቁን እንዳለ ትቶት ይወጣል። እንዲያውም በላዩ የሚቀዝፍ ወጣት ዳርቻው ሲታረስ፣ ደለል ሲገባበት፣ ላስቲክ ሲጣልበት የሚያይ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ሐይቁ በየዓመቱ ስንት ክንድ እንደ ሸሸ አይገባውም፤ ቀዛፊው ግን ዓምና የወረደበት ድንጋይ ዘንድሮ ደረቅ ላይ ቀርቶ ያገኘዋል።

ለታንኳው ማደሪያ የሚሆን ነገር ጨምረን እንጨርስ። የቆቦ ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቃል፣ ቀለሙን ይመጥጣል፣ ከዓመታት በኋላም ያሰነጥቀዋል። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ደግሞ ሙቀቱ ስለሚብስ ታንኳው በአንድ ጎኑ ተጋድሞ ከቆየ ይጐብጣል። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት፣ በሁለት ሰፊ መቀነት ተንጠልጥሎ ይደር። በአየር የሚነፋው ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ተጣጥፎ እንዳይቀመጥ፤ ከጎተራ አጠገብም እንዳይሆን፣ አይጥ ላስቲኩን አይምርምና።